ምን ልናይ ወደ ምድረ በዳ እንወጣለን?



ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ስለ መጥምቁ ዮሐንስ ለሕዝቡ በተናገረ ጊዜ አስቀድሞ የጠየቃቸው፣ ወደ ምድረ በዳ የወጡት ምን ለማየት እንደ ሆነ ነበር (ማቴ. 11፥7)። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው ከቤቱ ተነሥቶ ሩቅ መንገድ ሲሄድ ዓይኑን የሚስበውና ልቡ የሚሻው ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆኑ ያስታውሰናል። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ በዘመናችን እየተለመደ ለመጣ አንድ ጉዞ እናቀርበዋለን፤ ይኸውም አንበሳን፣ ነብርንና አቦ ሸማኔን በገዛ መኖሪያቸው ለማየት የሚደረገው፣ ከስዋሂሊ ቋንቋ በተገኘ ቃል «ሳፋሪ» የሚባለው ጉዞ ነው።

ክረምቱ አልፎ ሜዳው በአደይ አበባ ሲያሸበርቅ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከሚኖሩት ቤተ ሰቦች መካከል አቅም ያላቸው ወደ አዋሽ ወይም ወደ ባሌ ለመሄድ ያቅዳሉ፤ የወጣት ማኅበራትም ገንዘብ አዋጥተው መኪና ይከራያሉ። በዚህን ጊዜ ከምእመናን ዘንድ ሁለት ዓይነት ጥያቄ ይሰማል። አንዳንዶች «አውሬ ለማየት ይህን ያህል ገንዘብ ማውጣት ለክርስቲያን ይገባልን?» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «አውሬ ለፈረንጅ መዝናኛ ነው፤ ለእኛ ግን ጥጃችንን የሚበላ ጠላት ነው» ይላሉ። ሁለቱም ከእውነተኛ ኑሮ የመነጩ ስለ ሆኑ በቁም ነገር ሊመለሱ ይገባቸዋል።

ምስሉና ሕያው ፍጡር

በአገራችን የአንበሳን መልክ ሳያይ የሚውል ሰው ጥቂት ነው። በኪሳችን በያዝነው ሳንቲም ላይ የአንበሳ ራስ ተቀርጿል። በለገሀር የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1930 ከተተከለ በኋላ በፋሺስት ወረራ ዘመን ወደ ሮም ተወስዶ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ ስፍራው ተመልሷል። በብሔራዊ ቴአትር ፊት ሌላ የድንጋይ አንበሳ ተቀምጧል፤ ሆስፒታሉ፣ ባንኩና የጫማ ፋብሪካው በስሙ ተሰይመዋል። አባቶቻችን አንበሳ የገደለን ጀግና በጎፈር ያስጌጡት ነበር፤ ነገሥታቱም ከይሁዳ ነገድ በሆነው አንበሳ ስም ማኅተማቸውን ያትሙ ነበር።

ዳሩ ግን ምስሉ እንዲህ በበዛበት ዘመን ሕያው ፍጡሩ እየሳሳ መጥቷል። በመላው አፍሪካ በዱር የቀሩት አንበሶች ከ20,000 እስከ 25,000 እንደሚሆኑ ይገመታል፤ የአቦ ሸማኔማ ቍጥር ወደ 7,000 ገደማ ወርዷል። እ.ኤ.አ. በ1948 በስድስት ኪሎ በተቋቋመው አንበሳ ግቢ ይኖሩ ከነበሩት መካከል በ15 አንበሶች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዘር ጥናት፣ እነዚያ ጥቁር ጎፈር ያላቸው እንስሳት ከሌሎች አንበሶች በዘር የተለዩ መሆናቸውን አስረድቷል። በእጃችን ያለው ሀብት በሌላ ስፍራ የማይገኝ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ከአዲስ አበባ ዙሪያ ሰዎች ብዙዎቻችን አንበሳን ያወቅነው በዚያ ግቢ በብረት ፍርግርግ በኩል ነው። በፍርግርግ ውስጥ ያለውን አንበሳ ሰው ያበላዋል፤ ሰው ውኃ ያቀርብለታል፤ ሰው በር ይዘጋበታል። በዱር ያለው ግን የሚመግበው ሌላ ነው። ወደ ዱር የሚደረገው ጉዞ ለክርስቲያን ትርጉም የሚኖረው ከዚህ ነጥብ ተነሥተን ስናስበው ነው።

እግዚአብሔር ለኢዮብ ያቀረበው ጥያቄ

እግዚአብሔር ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ ኢዮብን በተናገረው ጊዜ የመከራውን ምክንያት አልገለጠለትም፤ ይልቁንም በፍጥረት መካከል አዞረው። በዋሻ ለተጋደሙትና በጥሻ ውስጥ ለሚያደቡት አንበሶች ምግባቸውን የሚያድንላቸው እርሱ ኢዮብ እንደ ሆነ ጠየቀው (ኢዮ. 38፥39-40)። ልብ እንበል፤ ኢዮብ ሰባት ሺህ በጎች የነበሩት ባለ ሀብት ነበረ። ለእንዲህ ያለ ሰው አንበሳ የመንጋው ጠላት ነው። እግዚአብሔር ግን ያንኑ የመንጋ ጠላት የሚመግበው ራሱ መሆኑን ነገረው። በዚህም ኢዮብ፣ ዓለም በእርሱ በረት ዙሪያ ብቻ የተሠራች አለመሆኗን ተማረ።

መዝሙረኛውም በመዝሙር 103 (በዕብራይስጡ አቈጣጠር 104) ይህንኑ ያስተምረናል። በእርሱ አነጋገር ሌሊቱ የአራዊት ነው፤ የአንበሳ ደቦሎች የሚያገሡትም ምግባቸውን ከአምላክ ሲለምኑ ነው። ፀሐይ ስትወጣ እነርሱ ወደ ማደሪያቸው ይገባሉ፤ ሰው ደግሞ እስኪመሽ ድረስ ወደ ሥራው ይሰማራል። እንግዲህ እግዚአብሔር ሰዓቱንና ስፍራውን ለሁለቱም ከፍሎ ሰጥቷል ማለት ነው። ገበሬው በቀን የሚያርስባት ምድር ሌሊት ሌላ እንግዳ አላት፤ ለሁለቱም ቀለብ የሚሰፍረው አንዱ አምላክ ነው።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም ይህን መሠረት አድርጎ፣ እንስሳት የእግዚአብሔር ፍጥረቶች እንደ ሆኑና በመኖራቸው ብቻ ፈጣሪያቸውን እንደሚያከብሩ ያስተምራል (ቍ. 2416)። ቀጥሎም እንስሳትን ያለ አስፈላጊ ምክንያት ማሠቃየት ለሰው ክብር የማይገባ መሆኑን፣ የሰውን ችግር ለማቃለል ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባውን ገንዘብም በእንስሳት ላይ ማዋል እንደማይገባ ያስገነዝባል (ቍ. 2418)። እንግዲህ ስለ ገንዘቡ ለሚጠይቁን ወገኖች መልሱ ከዚህ ይነሣል። የቤት ሠራተኛውን ደመወዝ ያዘገየ፣ የታመመ ወንድሙን ያልጠየቀ፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ያልከፈለ ሰው ወደ አንበሳ መኖሪያ ቢገሠግሥ ጉዞው አይባረክም። ግዴታውን የተወጣ ግን፣ የእግዚአብሔርን ሥራ ለማየት ያወጣው ገንዘብ ለመጠጥና ለድግስ ከሚወጣው የከፋ ሆኖ ሊቈጠርበት አይገባም።

ትዕግሥትን የሚያስተምር መንገድ

እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በሜዳው ሳላ በመንጋ ሲሰማራ ይታያል፤ አንበሳ፣ ነብርና አቦ ሸማኔ ግን ጥቂት በመሆናቸው ሳያዩአቸው የሚመለሱት ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970 ተመሥርቶ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም፣ በሐረና ደን ውስጥ ጥቁር ጎፈር ያላቸው አንበሶች ይኖራሉ። ደኑ ጥቅጥቅ ያለ ስለ ሆነ መንገደኛው ብዙ ጊዜ በሌሊት ድምፃቸውን ሰምቶ፣ በማለዳም ዱካቸውን በጭቃ ላይ አይቶ ይመለሳል።

የእነዚህ እንስሳት ጠባይም ለሚቸኩል ሰው አይመችም። አንበሳ ከቀኑና ከሌሊቱ 24 ሰዓት እስከ 20 ሰዓት ድረስ ተጋድሞ ሊያሳልፍ ይችላል። ነብር ብቻውን የሚኖር፣ በሌሊት የሚያድን፣ ያደነውን ዛፍ ላይ ሰቅሎ የሚሰውር ነው። አቦ ሸማኔ በቀን ያድናል፤ በሩጫ የሚወዳደረው ባይኖርም አድኖ የጣለውን ጅብና አንበሳ ይነጥቁታል። ከእነዚህ አንዱም ለጎብኚ ቀጠሮ አይሰጥም።

ይህን እንደ ኪሳራ የሚቈጥር መንገደኛ አለ። «ከፍያለሁና ላይ ይገባኛል» ይላል፤ ሾፌሩ ከመንገድ ወጥቶ እንዲነዳ፣ ጥሩምባ ነፍቶ የተኛውን እንዲያስነሣ ያስጨንቀዋል። ይህ ሰው አካሉ በዱር ቢሆንም ልቡ ከፍርግርጉ ፊት አልተነሣም፤ የእግዚአብሔርን ፍጥረት የራሱ ትእዛዝ ፈጻሚ ሊያደርገው ይሻልና። ሌላው መንገደኛ ግን ከንጋት በፊት ተነሥቶ በዝምታ ይጠብቃል። ከመኪናው አይወርድም፤ ከእርሱ ጋር ያለውን የፓርኩን ጠባቂ ቃል ያከብራል። አንበሳው ከታየ ያመሰግናል፤ ካልታየም ዱካውን አይቶ ያመሰግናል፤ እርሱ ወደማያዝዝበት ቤት በእንግድነት እንደ መጣ ዐውቋልና። ይህ ትዕግሥት የጸሎትን ትዕግሥት ይመስላል። በጸሎትም እግዚአብሔርን በፈለግነው ሰዓት ጠርተን የምናቆመው አይደለም፤ በፊቱ ቆመን እንጠብቀዋለን እንጂ።

በዚህ ረገድ ከቋራ ምድር የተሰማው ዜና ብዙ ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች በአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ራሳቸው ፎቶግራፍ የሚያነሡ ካሜራዎችን አጥምደው አንበሶች መኖራቸውን በምስልና በዱካ አረጋገጡ። በአልጣሽና ከእርሱ ጋር በሚዋሰነው በሱዳኑ የዲንደር ፓርክ በጠቅላላው ከ100 እስከ 200 አንበሶች ሊኖሩ እንደሚችሉ ገመቱ። የአገሩ ሰዎች ስለ እነርሱ ያውቁ ነበር፤ የሊቃውንቱ ካርታ ግን በእርግጠኝነት አልመዘገባቸውም ነበር። ያ ሁሉ ዘመን ሲያልፍ ጎብኚ አልመጣላቸውም፤ ገንዘብም አልተከፈለባቸውም። ቢሆንም ሌሊት ሌሊት እያገሡ ምግባቸውን ሲለምኑ የሚሰማቸው ነበረ። ፍጥረት ዋጋ የሚያገኘው እኛ ስላየነው እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምን ያስረዳናል?

በደጃችን ያለው ደን

ይህን ስንናገር ወደ አዋሽ ወይም ወደ ባሌ የመሄድ አቅም የሌላቸው ብዙዎቹ ምእመናን ከትምህርቱ ውጭ እንዳይመስላቸው እንፈልጋለን። ከሰበታ ተነሥቶ ወደ ወጨጫ ተራራ የሚወስደው መንገድ ወደ መናገሻ ሱባ ደን ያደርሳል። እንደሚነገረው እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተራራው ተራቁቶ ባዩት ጊዜ ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው አስተክለውታል። ዛሬም በዚያ ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ ይገኛሉ፤ ጉሬዛ በቅርንጫፉ ላይ ይዘላል፤ የምኒልክ ድኩላ በጥሻው ውስጥ ይሰማራል። ነብርም በዚያ ይኖራል። በቀን ወደ ደኑ የሚገባው ሰው ላያየው ይችላል፤ እርሱ ግን ሰውየውን አይቶት ይሆናል።

ከቡራዩ ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ በኩል ደግሞ «እንስሳ ኮቴ» የተባለ የዱር እንስሳት ማገገሚያና ማስተማሪያ ማዕከል አለ። ቦርን ፍሪ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር በመተባበር በ77 ሔክታር መሬት ላይ ያቋቋመው ነው። በዚያ ከሚጠለሉት መካከል ከእናቶቻቸው ተነጥቀው ወደ ዐረብ አገሮች ሊሸጡ በመንገድ ላይ ሳሉ የተያዙ አቦ ሸማኔዎች ይገኙበታል። በሶማሊያ ድንበር አጠገብ በዶሎ አዶ በጠባብ ክፍል በሰንሰለት ታስሮ የኖረ፣ ጎፈሩም የረገፈበት አንድ አንበሳ ወደዚያ መጥቶ የከተማይቱ ስም «ዶሎ» ወጥቶለታል። ሰው አንበሳን ለማየት የሚያደርገው ጉጉት ፍቅር ሲጎድለው ወዴት እንደሚያደርስ እነዚህ እንስሳት ምስክሮች ናቸው። አንዱን ደቦል በግቢው አስሮ ለእንግዶቹ ሊያሳይ የሚመኝ ባለ ጠጋ፣ በመንገድ ላይ የሚሞቱትን ሌሎች ብዙ ግልገሎች አያይም።

ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ተራራ በስተጀርባ ናት። በዚያ ተዳፋት እናቶችና እኅቶች ከንጋት በፊት ወጥተው፣ ጀርባቸውን ያጎበጠ እንጨት ተሸክመው ሲመለሱ እናያቸዋለን። ስለ ደንና ስለ ነብር የሚሰብክ ሰው እነዚህን እናቶች በወንጀለኛነት ከመቍጠሩ በፊት በቤታቸው ምድጃ ላይ ምን እንዳለ ይጠይቅ። ደኑን በሕገ ወጥ መንገድ በመኪና እየጫነ የሚያወጣውና ለልጆቿ እራት የደረቀ ጭራሮ የምትለቅመው በእግዚአብሔር ፊት እኩል አይመዘኑም።

እረኛውስ?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ደርሰናል። ቅዱስ መጽሐፍ ስለ አንበሳ ሲናገር የእረኛውን ሕመም አይሸሽግም። ዳዊት የአባቱን በግ ለማዳን ከአንበሳ ጋር ተናንቋል (1ሳሙ. 17፥34-35)። ነቢዩ አሞጽ ራሱ የበግ ጠባቂ ነበረና፣ እረኛ ከአንበሳ አፍ ሁለት እግር ወይም የጆሮ ቁራጭ ብቻ ሲያስጥል እንደሚታይ ይናገራል (አሞ. 3፥12)። ያ የጆሮ ቁራጭ ከንቱ ነገር አልነበረም፤ በሕጉ መሠረት የተሰባበረውን አምጥቶ ያሳየ እረኛ ዕዳ አይከፍልም ነበር (ዘፀ. 22፥13)። ጉዳቱ በአውሬ የመጣ መሆኑ ከተረጋገጠ ሸክሙ በድኻው እረኛ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ሕጉ ይጠብቀው ነበር ማለት ነው።

ይህ ጥንታዊ ፍትሕ ዛሬም ያስፈልገናል። አዋሽ ፓርክ በተከለለ ጊዜ የከረዩ፣ የኢቱና የአፋር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ያሰማሩበት ከነበረው ምድር ብዙ ቀርቶባቸዋል። በወጨጫ ሥር ያለው ገበሬም ፍየሉን ነብር ሲወስድበት ጉዳቱን የሚካፈለው የለም። ጎብኚው አንበሳውን አይቶ ደስ ብሎት ይመለሳል፤ የደስታውን ዋጋ ግን ሳያውቀው ሌላ ሰው በጥጃው ከፍሎለታል። እንግዲህ «አውሬ ጠላቴ ነው» የሚለውን ገበሬ ልንገሥጸው አይገባንም፤ ዕዳ እንዳለብን ልናውቅ ይገባናል እንጂ። ወደ ዱር የሚሄድ ክርስቲያን ከዚያው ሰፈር ወተቱን፣ ማሩንና እንቁላሉን በተገቢው ዋጋ ይግዛ፤ የአገሩን ሰው መሪ አድርጎ ይቅጠር፤ ከእረኛው ጋር ቁጭ ብሎ ይስማው። ቁምስናዎቻችንም ከብቱ ለተበላበት ጎረቤት፣ ቤቱ እንደ ተቃጠለበት ሰው ሁሉ፣ የዕድርና የማኅበር እጃቸውን ይዘርጉለት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለምን? በጥይትና በመርዝ ከማሰር ይልቅ የአንዱን ጉዳት ለብዙዎች በማካፈል ማሰር ይሻላል።

ስለ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ የሚተረከው ታሪክ ከዚህ ጋር ይስማማል። በጉቢዮ ከተማ ሰዎችን ያስጨንቅ የነበረውን ተኩላ በገሠጸው ጊዜ፣ ክፋቱ ከረኃብ የመጣ መሆኑን ስላወቀ የከተማው ሰዎች ቀለቡን እንዲሰጡት አስማማቸው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ይህን ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1979 የሥነ ፍጥረት ጥበቃ ጠባቂ ቅዱስ ብለው ሰይመውታል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው የምድርን ጩኸትና የድኾችን ጩኸት አንድ ላይ እንድንሰማ አሳስበዋል። ነብሩን ትተን ለገበሬው ብቻ፣ ወይም ገበሬውን ትተን ለነብሩ ብቻ መቆም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም።

ከአራዊት ጋር የነበረው

ወንጌላዊው ማርቆስ ጌታችን በምድረ በዳ አርባ ቀን በተፈተነ ጊዜ ከአራዊት ጋር እንደ ነበረ በአጭር ቃል ይነግረናል (ማር. 1፥13)። አላሳደዳቸውም፤ አልሸሻቸውምም፤ ከእነርሱ ጋር ነበረ። አዳም ያጣው ሰላም በአዲሱ አዳም ሲመለስ እናያለን። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ፣ ገዳማቸው በዝቋላ ተራራ ላይ የሚገኘው ጻድቅ፣ በስድሳ አንበሶችና በስድሳ ነብሮች ተከበው የሚሣሉት ይህንኑ ለመመስከር ነው። ሠዓሊው አንበሶቹን ታስረው ወይም ተወግተው አልሣላቸውም፤ በጻድቁ ዙሪያ በሰላም ቆመዋል። ሰው ከአምላኩ ጋር ሲታረቅ ከፍጥረትም ጋር ይታረቃል፤ ስግብግብነት በነገሠበት ልብ ግን ለሰውም ለአውሬም ስፍራ አይገኝም።

በመሆኑም ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ጥቂት ምክር እናቀርባለን። ልጆቹን ወደ ሱባ ደን ስትወስዱ ከመግባታችሁ በፊት መዝሙር 103ን አንብቡላቸው፤ በደኑ ውስጥም ቢያንስ የተወሰነ ጊዜ በፍጹም ዝምታ እንዲራመዱ አድርጉ። ሙዚቃ አይከፈት፤ ፌስታልና የውኃ ፕላስቲክ በዚያ አይቅር፤ ለጉሬዛ ምግብ አይወርወር። የዱር እንስሳን ግልገልም ሆነ ቆዳ መግዛት በአገሩ ሕግ የተከለከለ፣ በሕሊናም የሚያስጠይቅ መሆኑን አስተምሩ። በየዓመቱ ነሐሴ 26 ቀን የሚውለውን የፍጥረት የጸሎት ቀን ምክንያት በማድረግ የአገሩን ዛፍ አስተክሉ። በመጨረሻም ልጆቹ ሲመለሱ «ምን አያችሁ?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቋቸው፤ «ያላያችሁት ማን በዚያ ይኖራል? የሚመግበውስ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ይህን ጥያቄ መመለስ የቻለ ልጅ የመጀመሪያውን የሃይማኖት ጸሎት አንቀጽ፣ ሰማይንና ምድርን በፈጠረ አምላክ ማመንን፣ በልቡ ተምሯል።

ምን ልናይ እንወጣለን? አንበሳን ልናይ ብንወጣ መልካም ነው። ነገር ግን የወጣነው የሚመግበውን አምላክና በአጠገቡ የሚኖረውን ወንድማችንን ጭምር ልናይ ከሆነ፣ አንበሳው ባይታይ እንኳ ጉዞአችን ከንቱ አልሆነም።

ሌሊቱን ለአራዊት፣ ቀኑን ለሰው የከፈለ አምላክ በተሰጠን ክፍል ረክተን እንድንኖር ጸጋውን ያድለን፤ በወጨጫና በእንጦጦ ሥር የሚኖሩትንም ሁሉ፣ ሰውንም እንስሳውንም፣ ይጠብቅልን። አሜን።